አምስት ቅጠልያ ሸሚዝ

መርሳ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው ሞልቷል፤ ሙባረክ ግን አንድ ነው። ይህን የምለው ለማሞገስ ብዬ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚለው ነው። እውነትም የእሱን ሸሚዝ ለብሶ ሰው ጋር የተናነቀ ሰው እጅጌው ሊገነጠል ይችላል እንጂ ቁልፉ አይበጠስም። ክሩን ሰም ቀብቶ፣ አራት ጊዜ አመላልሶ፣ ከሥሩ ጠምዝዞ ያስረዋል። የቁልፉን ቀዳዳም ጠበብ አድርጎ ነው የሚዘመዝመው። ደንበኛ «ኧረ ሙባረክ፣ አልቆለፍ አልፈታ አለኝ» ብሎ ሲመጣ፣ «ሦስቴ ሲታጠብ ይላላል። ችግሩ አንተ አታጥበውም» ብሎ ሰው ፊት ያሳፍረዋል።

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ጦርነቱ መርሳ የገባ ጊዜ ታጣቂዎች የሱቁን በር በእርግጫ ገንጥለው ገቡና የተቀዳደደ የደንብ ልብሳቸውን እግሩ ሥር ከመሩለት። ሰፋላቸው። ጠመንጃ ስፌት መኪናው ላይ ተጋድሞ «አልሰፋም» የሚል ወንድ ካለ እሱ ይፍረድበት። እነዚያ በወጡ በሳምንቱ ሌሎች ገቡ። ሱቁን ሲፈትሹ ከጠረጴዛው ሥር ስንዝር የማትሞላ ቅጠልያ ቁራጭ አገኙ። «ለማን ነበር የምትሰፋው?» እያሉ እጁን የስፌት መኪናው ብረት ላይ አስደግፈው በሰደፍ ወቀጡት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ራሱ ሰምቶታል። ሚስቱ ሁሪያ «አላህን ፍሩ!» እያለች ብትገባ፣ አንዱ ሆዷን በጫማው አላት፤ ሦስት ቀን ደም አስመለሳት።

ከዚያ ወዲህ ሙባረክ ሰው ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቁመቱን ወይም ወገቡን ሳይሆን ቀለሙን ነው። ቅጠልያ አይሰፋም፣ አፈርማ አይሰፋም፣ ቡራቡሬ የሚባል ነገር ደጁም አይደርስ። ኪሱ የበዛ ሱሪ ይዞለት የሚመጣ ጎረምሳ እርግማን ጠጥቶ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ልጁን ሊድር የተነሣው። አብዱልሐሊም ሉብና የምትባል የሐራ ልጅ አጭቶ፣ ኒካሁ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እሷ አገር እንዲሆን ተቆረጠ። ሚያዝያ ላይ ሐራ ምን እንደሚመስል የወረደ ያውቀዋል። ጠዋት በሦስት ሰዓት ላብ ጀርባ ላይ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ውሻውም ከዳሱ ጥላ ንቅንቅ አይልም።

ለሐራ ሠርግ ወንድ ምን ይልበስ በሚለው ነገር ሙባረክ ማንም የማያስለውጠው አቋም ነበረው። ኮት የሚባል ነገር ወልድያ ይቅር። ባለፈው ዓመት ከነክራቫታቸው የወረዱ ሚዜዎች ነበሩ፤ አንደኛው ዳሱ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወድቆ በባልዲ ውኃ ነው የነቃው፤ ቪዲዮውን አገር አይቶታል። ጥጥ ይሁን። እጅጌው አጭር፣ ብብቱ ሰፊ፣ ሱሪ ውስጥ የማይከተት። ሱሪው ሳሳ ያለ። እግር ላይ ክፍት ጫማ፤ ጎልማሳ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ሽርጥ፤ በሽርጥ ያፈረ ቤቱ ይቀመጥ። ቀለሙ ነጭ፣ ቢበዛ ውኃ ሰማያዊ። አለቀ።

አላለቀም። ሲሳይ መጣ።

ሲሳይ የጎረቤቱ የውባለም ልጅ ነው። ከአብዱልሐሊም ጋር በአንድ አጥር ሁለት ወገን ያደጉ ናቸው፤ በኢድ እዚህ፣ በፋሲካ እዚያ። አሁን ወልድያ ያስተምራል። ደረቱ የሰፋ፣ ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ክፉ ነገር አፉ ላይ የማይቆይ ልጅ ነበር። አንደኛ ሚዜ እሱ ነው፤ ሌሎቹ አራቱ የሁለቱም የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው። ስልኩን ከፍቶ ሙባረክ አፍንጫ ሥር አስጠጋው። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚዳር ሰው፣ ጎኑ የተሰለፉ ወንዶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጠልያ ሸሚዝ፣ ነጭ ሱሪ፣ ነጠላ ጫማ።

«አባ፣ እንዲህ አድርገው ይስፉልን።»

«ሐራ ባሕር ወጣ እንዴ?»

«ባሕሩን እኛ በላብ እንሞላዋለን፤ እርስዎ ሸሚዙን ብቻ።»

ሙባረክ ሊስቅ ነበር፤ ቀለሙ ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ። ጣቶቹን አውጥቶ አሳየው። «ይቺን አታያትም? በስንዝር ጨርቅ ነው። አንተ አምስት ሙሉ ሸሚዝ ትለኛለህ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ፤ ማን የት እንዳደፈጠ አይታወቅ። ነጭ እሰፋላችኋለሁ።»

«ነጭማ ለሽምግልና የምንሄድ ያስመስለናል» አለ ሲሳይ። ከዚያ ቀልዱን ተወውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ፈርተን ስንለብስ፣ ፈርተን ስንሄድ ከረምን። ለአንድ የሠርግ ቀን እንኳ ያማረንን ብንለብስ ምን አለበት? ካልሆነ ወልድያ እናሰፋዋለን፤ ግን ያ ሰውዬ የሚሰፋው ቁልፍ በእስክስታ ይረግፋል» አለ።

ንግግሩ ሙባረክን በሁለት ወገን ወጋው። አንደኛው የእውነት ነበር፤ አብዱልሐሊም ከጦርነቱ ወዲህ ጥርሱ ሲገለጥ ያየው ከዚህ ልጅ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከንቱነት ነው፤ የወልድያው ሰፊ በእሱ ልጅ ሠርግ ላይ ሸሚዙን ሊያሳይ! እዚያው ሜትሩን አነሣና የሲሳይን ደረት ለካ። ለካና አንድ ነገር ተናገረ።

«ሙሽራው ግን ነጭ ነው። ሙሽራ ከሚዜ መለየት አለበት።»

«ይሄማ ወግ ነው» አለ ሲሳይ፤ ተስማማ። ወግ አልነበረም። ሙባረክ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ፈርቶ ነው።

ሸሚዞቹን በአሥር ቀን ጨረሰ። እንደነዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የሲሳይን ደረቱ ላይ ልክክ አድርጎ ሰፋለት፤ ቁልፎቹን ከሁሉም አጥብቆ አሰራቸው፤ አንደኛ ሚዜ ነው፣ ብዙ ይጨፍራል።

በደንቡ የሙሽራ አባት ሙሽራ ሊያመጣ አይሄድም፤ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። የሠርጉ ቀን አምስቱ በቅጠልያቸው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ለሙባረክ ግን የታየው ጠመንጃ ያላነገተ አንድ የወታደር ጓድ ነው። «እኔም እሄዳለሁ» አለ። ሁሪያ፣ «ኧረ በአላህ! ሰው ምን ይላል?» ብትለውም ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መቀሱ እንደ ሁልጊዜው ኪሱ ውስጥ ነበረች።

ሲሪንቃን አለፉ። ወደ ሐራ ከሚወርደው መንገድ ገብተው፣ ባቡር የማይሄድበትን ሐዲድ ከሩቅ እያዩ፣ መስኮት እየደበደቡ እየዘፈኑ ወረዱ። ሐራ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከግራር እስከ ግራር ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል።

ሌላ አገር ሰው ቢሆን እዚያው ይደነግጣል። እነዚህ ግን የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ሠርገኛ የሙሽሪት ደጅ ሲደርስ የሴቷ ወገን በር ዘግቶ «አናስገባም» ይላል፤ የወንዱ ወገን ይዘፍናል፣ ይገፋል፣ በግድ ይገባል። የሐራ ልጆች ጨዋታው ላይ እጃቸው ይከብዳል ይባላል፤ ባለፈው ሠርግ የሚዜ ክንድ ወልቋል። «እስከ መንገድ ድረስ መጥተው ጠበቁን እኮ!» ብሎ ሲሳይ ጮኸ። «ሙሽራው አንተ ቁጭ በል፤ ይሄ የኛ ሥራ ነው!» በሩን ከፍቶ ዱላውን እየወዘወዘ ዘለለ፤ አራቱም እያጨበጨቡ ተከተሉት።

ሙባረክ ከመስኮቱ ሲያይ ከጎረምሶቹ ኋላ ጠመንጃ አየ። አንድ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። «ተመለሱ!» አለ፤ ዘፈኑ ዋጠው።

ሲሳይ ገመዱን በዱላው ወደ ታች ተጫነው። «አናስገባም ነው የምትሉት? በግድ እንገባለን!»

ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው በሰደፍ አፉን አለው። ሲሳይ ተንገዳገደና እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ሁለት ጥርሱ መዳፉ ላይ ቀሩ። የሚያሳዝነው፣ ያን ጊዜም ይስቅ ነበር። ጨዋታው የከረረ መሰለው። በደም አፉ «አብሽሩ፣ ቀስ በሉ እንጂ፣ ሠርግ ነው» አለ። ያኔ ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ ዘፈኑም ሳቁም ቆመ።

«ተንበርከኩ!»

የማን ወገን እንደሆኑ አልተናገሩም፤ ከሁለት ቀን በፊት ግን እዚያው አካባቢ ሰው ተገድሎባቸው ነበር፤ ይህ ኋላ ነው የተሰማው። አለቃ መሳዩ፣ ጺሙ ያደገ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰውዬ፣ በተንበረከኩት ፊት እየተመላለሰ፣ «የማን ጦር ናችሁ?» አለ።

«ሚዜ ነን» አለ አንደኛው።

ጎኑን በጫማው አለው። «ሚዜ! አንድ ዓይነት ለብሳችሁ፣ አንድ ላይ ዘላችሁ፣ ኬላ ጥሳችሁ፣ ሚዜ! ሸሚዛችሁን አውልቁ። ትከሻችሁን አያለሁ።» ጠመንጃ ያነገተ ትከሻ ምልክት ያወጣል፤ እሱን ነው የሚፈልገው።

ልጆቹ ቁልፋቸውን ያዙ። አልፈታም አለ። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ ውኃ አልነካውም፤ ቀዳዳው ጠባብ። አንዱ በአናቱ ሊያወልቅ ሞክሮ አንገቱ ላይ ተቀረቀረበት፤ ዓይኑ ተሸፍኖ ሲንደፋደፍ በዱላ ጀርባውን ተመታ። «ምን ደብቀህ ነው የማታወልቀው?» ሌላውን ፀጉሩን ይዘው ፊቱን ከጠጠሩ ጋር አጋጩት። አንዱ ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰም።

ሙባረክ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወረደ። «ልጆቼ ናቸው! እኔ ነኝ የሰፋሁት! ልብስ ሰፊ ነኝ!»

«አንተ ነህ የምታለብሳቸው?» አለና ሰውየው በአፈሙዙ የጎን አጥንቱን ወጋው። ሙባረክ በጉልበቱ ወደቀ። ሕመሙን አላየውም። መቀሷን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየ። «ቁልፉ አይፈታም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጥብቄው ነው። በመቀስ ልቅደደው፣ ትከሻቸውን እዩት። ወላሂ ሚዜዎች ናቸው!»

ሰውየው በአገጩ ምልክት ሰጠው። ሙባረክ በጉልበቱ እየዳኸ የመጀመሪያውን ልጅ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ቀደደው። ሁለተኛውን ቀደደ። ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፍ ሲሉት መቀሷን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ሦስተኛውን ሲቀድ የልጁ ቆዳ አብሮ ተቆረጠ። አሥር ቀን የሰፋውን በአሥር ደቂቃ ሲተለትል የሚያየው ሸሚዝ ሳይሆን ጫፍ ላይ የተንበረከከውን ሲሳይን ነበር። አራተኛው ላይ ደረሰ። አንድ ይቀረዋል።

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ሰውየው ሲሳይ ላይ ጮኸ።

ሲሳይ መጠበቁ የሚያስቆጣው መሰለው። ቁልፎቹን ከውስጥ ገፍቶ ሊበጥሳቸው ብሎ ሁለት እጁን በሸሚዙ ሥር ከታች ወደ ላይ ከተተ። ልክክ ያለ ሸሚዝ ነው፤ ቁልፎቹም የሙባረክ ናቸው። ታገለ። ከገመዱ ወዲያ የቆመው ባለጠመንጃ ያየው እጁን ልብሱ ሥር ከቶ አንድ ነገር የሚመዝ ሰው ነው።

ተኮሰ።

ሲሳይ ወደ ጎኑ ዘመም አለና ተቀመጠ። ሙባረክ ደርሶ ሸሚዙን ከኋላው ለሁለት ቀደደው፤ ጨርቁን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተጫነው፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ፈላ። ያኔ አብዱልሐሊም ከሚኒባሱ ወጥቶ እየጮኸ መጣ። ነጭ ለብሷል፤ መዳፉ ላይ ሂና አለ። ሰዎቹ ደነገጡ። አንደኛው፣ «ሠርገኛ ናቸው እኮ!» አለ፤ እስካሁን ያልተነገረው ይመስል። በነጭ ለባሹ ላይ እጁን ያነሣ ማንም አልነበረም። ገመዱን ፈቱት፣ ድንጋዩን በእግራቸው ገፉት፣ ወደ ቁጥቋጦው ገቡ።

ከወልድያ ሐራ ይቀርብ ነበርና ሲሳይን ጭነው ወደዚያው ከነፉ። የሉብና ሰፈር ሴቶች በሩን በአጣና ዘግተው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን አጋድመው ጠበቋቸው። ሚኒባሱን ሲያዩ «አናስገባም!» ብለው አቀለጡት። በሩ ተከፍቶ ደረታቸው የተራቆተ አራት ወጣቶች አንድ ሰው ተሸክመው ወረዱ። ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየቀጠለ ጠፋ። አጣናውን ያነሣው የሉብና አባት ነው። ሲሳይ በሙሽሮቹ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ ራሱ አብዱልሐሊም ጭን ላይ ሆኖ፣ የተጠራችው ነርስ ሳትደርስ አለፈ። የሐራ ወንዶች ከላያቸው እያወለቁ ልጆቹን አለበሱ። ሁሉም ነጭ ነበር።

ኒካሁ ከሳምንት በኋላ ያለ እልልታ ታሰረ። ሙባረክ ሱቁን ዘጋ። ውባለም ቤት ለቅሶ ከተቀመጡት ሰዎች መሀል ኋላ ኋላ እያለ አርባው አለፈ፤ ዓይኗን አንድ ቀን እንኳ ሊያይ አልቻለም። ከሰማይ በታች የሚፈራት ነገር አንድ ጥያቄ ነበረች።

ሱቁን በከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ውባለም ገባች። ከነጠላዋ ሥር ታጥቦ የታጠፈ ቅጠልያ ሸሚዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጀርባው ለሁለት ተከፍሏል። ደረቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ታጥቦ ታጥቦ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

«ስፋልኝ» አለች። «ጀርባውን ብቻ። ፊቱን አትንካው። ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።»

«እሺ እቴ።»

«ሙባረክ።»

«አቤት።»

«ለአብዱልሐሊም ነጭ የሰፋህለት ሙሽራ ስለሆነ ነው?»

የፈራት ጥያቄ መጣች። «አዎ፣ ወግ ነው» ቢላት ሰው ሁሉ ይመሰክርለት ነበር፤ ሲሳይ ራሱ ተስማምቶበታል። አፉን ከፈተ። ጎኑ፣ አፈሙዝ የወጋው ቦታ፣ ጠዘጠዘው።

«አይደለም» አላት። «ቀለሙን ስለፈራሁት ነው።»

ውባለም ይዛው የገባችውን በትር በር ላይ አስደግፋ ነበርና ሙባረክ በእሱ ብትለኝ ብሎ ተመኘ። አላነሣችውም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

«ስፋው እንግዲህ፤ እጠብቃለሁ።»

ጀርባውን ለመስፋት ሸሚዙ ተከፍቶ መዘርጋት አለበት፤ ሙባረክ ቁልፎቹን ሊፈታ ያዘ። የመጀመሪያው እምቢ አለ። በአውራ ጣቱ ገፋው፣ በጥፍሩ ጎተተው፣ በማይታጠፉት ጣቶቹ ታገለው። አምስቱም ቁልፎች በቦታቸው ነበሩ፤ አንዲት ክር አልላላችም። ውባለም እጁን እያየች ቁጭ ብላ ጠበቀችው።